የ9ኛ ክፍል ሒሳብ 5ኛ ክፍል ላይ ይጀምራል

ልጅዎ ዘንድሮ በ2018 ዓ.ም. 9ኛ ክፍል ከሆነ እስቲ አብረን ወደ ኋላ እንቁጠር። በ2014 5ኛ ክፍል ነበር፤ በ2012 ደግሞ 3ኛ። መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ማባዛትና ማካፈልን ገና እየተለማመደ ነበር። ዓመቱን በወጉ ሳይጨርስ ወደ 4ኛ ክፍል ተዛወረ፤ 4ኛንም ዘግይቶ ጀመረ። 5ኛ ክፍል ገብቶ ደብተሩን ገና ሳያጋምስ ጥቅምት 2014 መጣ። ያን ጊዜ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ለነበረ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሁለቱ ከተሞች እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ በጦርነቱ ውስጥ ቆዩ፤ ከዚያ በኋላም በአካባቢው ብዙ ትምህርት ቤቶች ወንበርና መጽሐፍ ጎድሏቸው ነው በራቸውን የከፈቱት።

10ኛ ክፍል ያለች ልጅ ካለችዎት ሁሉንም በአንድ ክፍል ከፍ ያድርጉት። እሷን 4ኛና 6ኛ ክፍል ላይ ነው ያገኛት።

ይህን የማነሳው የዳነ ቁስል ለመነካካት አይደለም። ከ3ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያሉት ዓመታት ልጆች ማባዛትን፣ ክፍልፋይን፣ አስርዮሽንና መቶኛን የሚጨብጡባቸው ናቸው። ሁለተኛ ደረጃ ላይ የሚመጣው ሒሳብ ሁሉ እነዚህን ያውቃሉ ብሎ ነው የሚነሳው። «ልጄ ሒሳብ አይወድም» ሲባል ደጋግሜ እሰማለሁ። እኔ ግን ስለ መውደድና አለመውደድ ከማውራታችን በፊት የጎደለው ምን እንደሆነ ብንፈልግ ይሻላል ባይ ነኝ።

የማንቂያ ደወሉ ቀርቷል

እኔ በተማርኩበት ጊዜ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚባል ነገር ነበር። ብዙ ቤተሰብ የልጁን ደብተር የሚያገላብጠው ያ ፈተና ሲቃረብ ነበር። አሁን ያ ፈተና የለም። ከ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና በኋላ ልጅዎን ከትምህርት ቤቱ ውጭ ያለ አካል የሚመዝነው 12ኛ ክፍል ላይ ነው። በመሃል አራት ዓመት አለ። በአራቱ ዓመት ውስጥ የሚመጣው የሪፖርት ካርድ ጥሩ ቢሆንም እንኳ የሚነግርዎት ልጅዎ ከክፍል ጓደኞቹ አንጻር የት እንዳለ ነው።

12ኛ ክፍል ላይ የሚሆነውን ደግሞ ሁላችንም አይተናል። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት የ2014 ተፈታኞች 3.3 በመቶ ነበሩ፤ የ2015ቹ 3.2፣ የ2016ቹ 5.4። ስለ ምክንያቱ ብዙ ተብሏል፤ እኔ የምጨምረው የለኝም። አንድ ነገር ግን ለወላጅ ልንገር። «ማኅበራዊ ሳይንስ ስለሚመርጥ ሒሳብ ብዙም አያስፈልገውም» የሚለው ንግግር ስህተት ነው። ሒሳብ ለተፈጥሮ ሳይንስም ለማኅበራዊ ሳይንስም ተፈታኝ ይመጣል። የአፕቲትዩድ ፈተናውም ውስጥ ስሌት አለ። ስለዚህ ልጅዎ ወደ የትኛውም ቢሄድ ሒሳብ አብሮት ይሄዳል።

መጽሐፉን ሲገልጡት

የ9ኛ ክፍልን የሒሳብ መጽሐፍ ማታ ላይ ያስወጡትና ማውጫውን ይዩት። ስብስብ፣ የቁጥር ሥርዓት፣ እኩልታዎችን መፍታት፣ ትሪጎኖሜትሪ፣ ተመሳሳይ ቅርጾች፣ ቬክተር፣ ስታቲስቲክስና ፕሮባቢሊቲ ይላል። 10ኛ ላይ ፈንክሽን፣ ፖሊኖሚያል፣ ሎጋሪዝም፣ ክብ፣ ጠጣር ቅርጾች ይከተላሉ። ስማቸው ያስፈራል። ገለጥ ሲያደርጉት ግን ብዙዎቹ የድሮ ዕውቀት አዲስ ልብስ ለብሶ ነው። ፕሮባቢሊቲ ክፍልፋይ ነው። ትሪጎኖሜትሪ የአንድ ሦስት ማዕዘን ሁለት ጎኖች ሲካፈሉ የሚገኝ ቁጥር ነው። ተመሳሳይ ቅርጾች ማለት የጎኖቻቸው ንጥጥር እኩል የሆኑ ቅርጾች ማለት ነው። ክፍልፋይ ያልገባው ልጅ ሦስቱም ጋ ይወድቃል፤ የወደቀውም በሦስት የተለያዩ ከባድ ትምህርቶች ይመስለዋል።

ያለበትን ደረጃ ለማወቅ ፈተና ማዘጋጀት አያስፈልግዎትም። ግማሽና አንድ ሦስተኛ ሲደመሩ ስንት እንደሚሆን ይጠይቁት። ብዙ ልጅ ላዩን ከላይ፣ ታቹን ከታች ደምሮ 2/5 ይላል። እዚህ ላይ «ተሳስተሃል» አይበሉት። ይልቅ 2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል ብለው ይጠይቁት። ያንሳል። ግማሽ ኪሎ ቡና ላይ ሌላ ቡና ጨምረን እንዴት ከግማሽ ኪሎ ያነሰ ይኖረናል? ልጁ ይህን በራሱ አፍ ሲናገር ስህተቱን ራሱ ያየዋል። ትክክለኛው መልስ 5/6 ነው። ለእኔ ግን ከመልሱ የሚበልጠው ያ ማመዛዘን ነው። የሠራውን ቁጥር ቆም ብሎ «ይሄ ሊሆን ይችላል?» የሚል ልጅ ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ሁለተኛው ጥያቄ የነጌቲቭ ቁጥር ነው። −3 − 5 ስንት ነው? እዚህ ጋ 8 የሚሉ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ጥቂት አይደሉም። ምክንያታቸውን ሲጠይቋቸው «ነጌቲቭና ነጌቲቭ ፖዘቲቭ ይሆናል» ይላሉ። ይህ ደንብ የማባዛትና የማካፈል ነው፤ እነሱ ግን ያለቦታው አምጥተውታል። ሰፈሩ ሱቅ የ3 ብር ዕዳ ያለበት ሰው የ5 ብር ዕቃ በዱቤ ቢጨምር ዕዳው 8 ብር ይሆናል እንጂ ባለ 8 ብር አይሆንም። መልሱ −8 ነው። አንዴ ዕዳ ነው ካሉት አይረሳውም።

ሦስተኛው በፊደል የሚጻፈው ሒሳብ ነው። ሀ ሲደመር 3 በቅንፍ ሆኖ በራሱ ሲባዛ ስንት ነው ሲባል፣ ልጆች ሀ በራሱ ሲባዛ ሲደመር 9 ብለው ይጽፋሉ። ሀ የሚለውን አውጥተው 2 ያስገቡበት። 2 ሲደመር 3፣ 5 ነው፤ በራሱ ሲባዛ 25። በልጁ መንገድ ግን 4 ሲደመር 9፣ 13 ይሆናል። 12 የት ጠፋ? ወረቀት ላይ አንድ ካሬ ይሣሉና ጎኑን 2 እና 3 አድርገው ይክፈሉት። አራት ቁራጭ ያገኛሉ፤ ልጁ የረሳቸው ሁለቱ አራት ማዕዘኖች እያንዳንዳቸው 6 ናቸው። ፊደል ማለት ስሙ ያልተነገረ ቁጥር ማለት ነው፤ ይህን ያልያዘ ተማሪ 10ኛ ክፍል ሲገባ ፖሊኖሚያልን እንደ ድግምት ይሸመድደዋል።

መቶኛ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሥራዬ ገበያ ስለሆነ በየቀኑ የማየው ነው። አንድ ዕቃ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስን ጨምሮ 1,150 ብር ነው እንበል። ታክሱ ሲወጣ ስንት ነው? የ1,150ን 15 በመቶ ቀንሶ 977 ብር ከ50 የሚል ሰው፣ ዲግሪ ያለውም ጭምር፣ ሞልቷል። መልሱ 1,000 ነው፤ ምክንያቱም 15 በመቶው የተሰላው ከ1,000 ላይ ነው። እንዲሁም ዋጋው 20 በመቶ ቀንሶ ቆይቶ 20 በመቶ ቢጨምር ወደ ነበረበት አይመለስም፤ 1,000 የነበረው 800 ከዚያ 960 ይሆናል። «የምን መቶኛ?» ብሎ መጠየቅን የለመደ ልጅ ማስታወቂያም አያታልለውም። ይህን ስል ለሙያ ባልደረቦቼ መልካም ነገር እንዳልሠራሁ አውቃለሁ።

ቋንቋው ሌላ ሒሳብ ነው

እስካሁን ያልነው ሁሉ ቢሟላም አንድ ግድግዳ ይቀራል። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው። ሒሳቡን በአማርኛ አሳምሮ የሚሠራ ልጅ ጥያቄው ስላልገባው ብቻ ዜሮ ሊያገኝ ይችላል። አንድ ምሳሌ ላሳይዎት። «ፋይቭ ሌስ ዛን ኤክስ» ሲባል ልጁ ቃሎቹን በሰማበት ቅደም ተከተል 5 − ኤክስ ብሎ ይጽፋል። ትርጉሙ ግን «ከኤክስ በ5 የሚያንስ» ነው፤ ኤክስ − 5። ልብ ይበሉ፣ አማርኛው ኤክስን አስቀድሞ በትክክለኛው ቦታ አስቀምጦታል። «አት ሊስት» ቢያንስ፣ «አት ሞስት» ቢበዛ፤ እነዚህን ሁለቱን ያገላበጠ ልጅ የእኩልነት ያልሆኑ ዓረፍተ ነገሮችን ምዕራፍ በሙሉ ያገላብጠዋል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። አንዲት ትንሽ ደብተር ለሒሳብ ቃላት ብቻ ትመደብ። በየቀኑ ሁለት ሦስት ቃል፣ በልጁ የራሱ አማርኛ ከነምሳሌው ይጻፍባት። እርስዎ እንግሊዝኛው ቢከብድዎትም «በአማርኛ ንገረኝ» ማለት ይችላሉ። በአማርኛ መናገር ካልቻለ አልገባውም ማለት ነው።

ሐረጎን ሲወርዱ

ደሴና ኮምቦልቻ የምንኖር ሰዎች አንድ ዕድል አለን፤ በራችን ላይ የተዘረጋ የሒሳብ መጽሐፍ አለ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። መንገዱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣችሁ ልጅዎን ይጠይቁት፤ በአማካይ በየ100 ሜትሩ ስንት እንወርዳለን? 650ን ለ25,000 ያካፍላል፤ በየ100 ሜትሩ 2 ሜትር ከ60 ያገኛል። «ሐረጎ ላይ ግን ከዚህ የበለጠ ቁልቁል ነው እኮ» ቢልዎት ደስ ይበልዎት። አማካይ ማለት የሁሉም ቦታ ልክ ማለት እንዳልሆነ ገብቶታል፤ ስታቲስቲክስ የሚጀምረው እዚያ ነው። የቁልቁለቱን ማዕዘን ለማወቅ ሲፈልግ ደግሞ ትሪጎኖሜትሪ ይመጣል።

ሌላም አለ። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲቀንስ የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይጨምራል። ደሴ ላይ የለበስነውን ጃኬት ኮምቦልቻ ስንደርስ የምናወልቀው ለዚህ ነው፤ ልጁ ካሰላው ወደ 4 ዲግሪ ልዩነት ያገኛል። አንዱ ሲቀየር ሌላው በምን ያህል እንደሚቀየር የሚናገረውን ይህን ዝምድና 10ኛ ክፍል ላይ ፈንክሽን ብለው ይሰጡታል።

የወይዘሮ ስሂን ተማሪ የነበሩ አያት ቤትዎ ካሉ እሳቸውንም ያሳትፉ። ያለ ካልኩሌተር ያደገ ትውልድ ማባዣን እንደ ዳዊት ነበር የሚደግመው። 7 ጊዜ 8ን ለማወቅ ስልክ የሚያነሳ የ9ኛ ክፍል ተማሪ እኩልታ ሲፈታ ሐሳቡ በየመስመሩ ይቋረጥበታል። የቤት ሥራውን ፎቶ አንስቶ መልሱን የሚሰጥ አፕሊኬሽንም አሁን በየልጁ ስልክ አለ። መከልከል አይሆንልንም፤ ግን መልሱን ካየ በኋላ ስልኩን አስቀምጦ ያንኑ በባዶ ወረቀት እንዲሠራው ማድረግ ይቻላል።

አስጠኚ ከቀጠሩ

ብዙዎቻችን ልጁ ሲደክም አስጠኚ እንቀጥራለን። አስጠኚው ደግሞ ወላጅ ደስ እንዲለው በዚያ ሳምንት ክፍል ውስጥ የደረሱበትን ምዕራፍ ያስጠናል፤ የቤት ሥራው ይሠራል፣ ሁሉም ይረካል። ክፍተቱ ግን ባለበት ነው። አስጠኚውን ገና በመጀመሪያው ቀን «ከ5ኛና ከ6ኛ ክፍል ይጀምሩልኝ» ይበሉት። ልጁ ያፍራል፤ የታናሽ እህቱን መጽሐፍ ይዞ መቀመጥ 15 ዓመት ለሞላው ልጅ ቀላል አይደለም። ስለዚህ በሩን ዘግተው ይጀምሩ፤ ክፍተቱ የእሱ ስንፍና ሳይሆን የዓመቶቹ እንደሆነም ቁጭ አድርገው ይንገሩት። በእኛ አባባል አብሽር ይበሉት። የተማረውን ሁሉ እንደ አዲስ ስለማይጀምር ክፍልፋይ፣ ነጌቲቭ ቁጥርና መቶኛን በቀን 20 ደቂቃ ቢሰጣቸው በአንድ ክረምት ብዙ ርቀት ይሄዳል።

የሒሳብ መምህሩንም ሲያገኙ «ልጄ እንዴት ነው?» ብለው አይጠይቁ። በዚያ ሁሉ ተማሪ መሃል «ደህና ነው፣ ይበርታ» ከማለት ሌላ ምን ይበልዎት? የልጁን የፈተና ወረቀት ይዘው ይሂዱና የተሳሳተበትን አንድ ጥያቄ ያሳዩት። ስህተቱ የ9ኛ ክፍል ነው ወይስ የ6ኛ? ብለው ይጠይቁት። ጥሩ መምህር ወረቀቱን አይቶ ወዲያው ይነግርዎታል። የታችኛው ክፍል መጽሐፍ ቤትዎ ከሌለ ደግሞ ጎረቤት ይጠይቁ፤ በየቤቱ ቁም ሳጥን ላይ ተደራርቦ አቧራ የሚጠጣ አንድ አይጠፋም።