ዓሣ የሌለበት የዓሣ ማጥመጃ ገንዳ

ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ፣ ጎልደን ጌት ፓርክ፣ የአሜሪካ ጎሾች ከሚጠበቁበት አጥር ፊት ለፊት ሦስት ሰፋፊ ገንዳዎች አሉ። ውኃቸው ጥልቀት የለውም፤ አንድም ዓሣ አይኖርበትም። በወሩ ሁለተኛ ቅዳሜ ጠዋት ግን ዳርና ዳሩ ረጃጅም ዘንግ በያዙ ሰዎች ይሞላል። ልጆች ይመጣሉ፣ ጡረተኞች ይመጣሉ፣ በሕይወታቸው መንጠቆ ነክተው የማያውቁም ይመጣሉ። የጎልደን ጌት የአጥማጆችና የውርወራ ክበብ ለመጣ ሁሉ በነፃ የሚያስተምርበት ቀን ነው። መሣሪያ ለሌለውም ያውሳል።

ትምህርቱ ፍላይ ፊሺንግ ነው፤ በሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ ማጥመድ። በተለመደው አጠማመድ መንጠቆው ላይ ትል ይሰካል፣ ክሩ ላይ እርሳስ ይታሰራል፤ ሲወረወር የእርሳሱ ክብደት ክሩን ይዞት ይሄዳል። እዚህ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ትራውትን የመሳሰሉ ዓሦች በብዛት የሚበሉት ውኃ ውስጥ አድገው ወደ ላይ የሚወጡ ጥቃቅን ነፍሳትን ስለሆነ፣ አጥማጁ እነሱኑ የሚመስል ነገር ከላባ፣ ከእንስሳ ጸጉርና ከክር ትንሽዬ መንጠቆ ላይ ይቋጥራል። ይህ ዝንብ ክብደት የለውም ማለት ይቻላል። የቱንም ያህል ቢወረውሩት እግር ሥር ይወድቃል። ስለዚህ ክብደቱ የተሰጠው ለገመዱ ነው። ለጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው 2.7 ሜትር የሚሆን ዘንግና አምስት ቁጥር ገመድ ሲሆን፣ የዚህ ገመድ የፊተኛው 9 ሜትር 9 ግራም ገደማ ይመዝናል። ዘንጉን የሚያጎብጠው ይኸው 9 ግራም ነው። ዘንጉ ተመልሶ ሲቃና ገመዱን ይልከዋል፤ ገመዱም ዝንቡን አስከትሎ ይሄዳል።

አወራወሩን ቆሞ ለሚያይ በጣም ቀላል ይመስላል። ገመዱን ከውኃው ላይ በዝግታ ያነሱታል፤ ፍጥነት እየጨመሩ ዘንጉን ወደ ኋላ ይወስዱና ጆሮ አጠገብ ሲደርስ ቀጥ አድርገው ያቆሙታል። ገመዱ ከራስ በላይ አልፎ ከኋላ መዘርጋት ይጀምራል። እዚህ ላይ ነው መጠበቅ የሚያስፈልገው። የጀማሪ ሁሉ ችግርም እዚህ ላይ ነው። ገመዱ ተዘርግቶ ሳያልቅ እጅ ወደ ፊት ከሮጠ ዘንጉ የሚጎብጥበት ክብደት ያጣል፤ ገመዱም ተጠቅልሎ ራስ ላይ ይወርዳል። ለቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ ጅራፍ የሚጮኸው ጫፉ በፍጥነት ሲገለበጥ ነው። በዚህ ሙያ ግን ጩኸት ከተሰማ ጥፋት ነው፤ ብዙ ጊዜ ዝንቡ ከክሩ ተበጥሶ ሄዷል ማለት ነው። ጉልበተኛ ሰው የሚቸገረውም ለዚህ ነው። አስተማሪዎች ደጋግመው የሚሉት፣ አትታገል፣ ዞር በልና ገመድህን እየው ነው። ለጀማሪ በመንጠቆ ፋንታ ቁራጭ የሱፍ ክር ስለሚታሰር ልጅ ጭምር ሳይፈራ ይሞክራል። ዓሣ የሌለበት ውኃ ጥቅሙም ይኼ ነው፤ ሐሳብን የሚወስድ ምንም ነገር ስለሌለ ተማሪው እጁንና ገመዱን ብቻ ያያል።

በከተማዋ የውርወራ ክበብ ከ1894 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነበር፤ የዛሬው ክበብ የተመሠረተው በ1933 ነው። ገንዳዎቹና ከጎናቸው ያለው የክበቡ ቤት በዚያው በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ የሩዝቬልት መንግሥት ለሥራ አጦች እንጀራ ለመስጠት በዘረጋው የሕዝብ ሥራ ፕሮግራም ተሠሩ። በውርወራ ውድድር ደጋግሞ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ስቲቭ ራጄፍ በልጅነቱ የተማረው እዚሁ ነው።

እኔን ከሻምፒዮኑ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ነፃው ቅዳሜ ነው። ፍላይ ፊሺንግ የባለጸጋ ጨዋታ ተብሎ ስሙ የወጣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በእንግሊዝ፣ ሀምፕሻየር፣ ቴስት ወንዝ ላይ አንዲት ቀን ለማጥመድ የሚጠየቀው ገንዘብ ብዙ ነው። በዚህ ፓርክ ግን በሕዝብ ገንዘብ በተሠራ ገንዳ፣ ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች የዕረፍት ቀናቸውን ሰጥተው ያስተምራሉ። ሙያ ከሰው ወደ ሰው የሚሻገረው በዚህ መንገድ ነው፤ መጽሐፍም ቪዲዮም ክንድህን ይዞ እዚህ ላይ አቁም አይልህም።

ለእኛም ነገሩ ሩቅ አይደለም። ትራውት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከኬንያ መጥቶ ባሌ ተራሮች ላይ ዌብና ዳንካ ወንዞች ውስጥ ተጨምሯል። ይኸው ዌብ ወደ ታች ወርዶ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሰንጥቆ ያልፋል። በዚያው በባሌ፣ ዲንሾ አካባቢ ያሉ ወጣቶች ይህን ሙያ ቢማሩ እንግዳ ማስጎብኘት እንጀራ ይሆናቸዋል ብዬ አምናለሁ፤ ለመጀመር ደግሞ ሰፊ ሜዳና ጥቂት ዘንግ ይበቃል።

ኦክላንድና ሳን ሆሴ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ከተማችሁ ከገንዳው ብዙ አይርቅምና አንድ ቅዳሜ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከመሄዳችሁ በፊት ቀኑን ከክበቡ አረጋግጡ። ለዓይን መከላከያ መነጽር፣ ለራስ ኮፍያ ያዙ። በገንዳው ላይ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ከዚያ ወጥቶ ወንዝ ላይ ለማጥመድ ግን ዕድሜው 16 የሞላ ሁሉ የካሊፎርኒያን የማጥመድ ፈቃድ ማውጣት አለበት።