በሬድ ሮክስ ሁለት ዓይነት አለት፦ ደለላዊና ልውጥ

የነርሲንግ ተማሪ ብሆንም በዚህ ሴሚስተር ጂኦሎጂ ወስጃለሁ። ፈተና ላይ ብዙዎቻችንን የሚያምታታን የሴዲመንተሪና የሜታሞርፊክ አለቶች ልዩነት ነው። በአማርኛ ደለላዊ አለት እና ልውጥ አለት ልበላቸው።

መጀመሪያ መመሳሰላቸው። ሁለቱም ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት ቀድሞ ከነበረ አለት ነው። ሲፈጠሩ አለቱ አይቀልጥም፤ ከቀለጠ በኋላ ቀዝቅዞ የጠጠረው ሦስተኛው ዓይነት፣ ቅልጥ አለት ነው። በሁለቱም ላይ መስመር ሊታይ ይችላል። ስህተቱም የሚመጣው ከዚህ ነው።

በደለላዊ አለት ላይ ያለው መስመር አሸዋ፣ ጭቃ ወይም የባሕር እንስሳት ቅርፊት በየተራ የተነጠፈበት ነው። ንብርብሩ ካልተገለበጠ የታችኛው ይቀድማል፤ ቅሪተ አካልም ይገኝበታል። ልውጥ አለት ግን በምድር ውስጥ ሙቀትና ግፊት ማዕድኖቹን እንደ አዲስ የደረደሯቸው ነው። መስመሩ የግፊቱን አቅጣጫ እንጂ የዕድሜን ቅደም ተከተል አያሳይም፤ ቅሪተ አካሉም አብዛኛውን ጊዜ ጠፍቷል።

እኛ ዴንቨርና አውሮራ ያለን ሰዎች ሁለቱንም በአንድ ቀን ማየት እንችላለን። በ1941 የተከፈተው የሬድ ሮክስ ቲያትር ግራና ቀኝ ያሉት ቀያይ ቋጥኞች ከጥንት ተራሮች ታጥቦ የወረደ አሸዋና ጠጠር ናቸው፤ ዕድሜያቸው 300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ያቀላቸው የዛገ ብረት ነው። ከሥራቸው ያለው ናይስ የተባለው ልውጥ አለት ደግሞ ወደ 1.7 ቢሊዮን ዓመት ይጠጋል። ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ እጃችሁን ብታሳርፉ በመዳፋችሁ ሥር የ1.4 ቢሊዮን ዓመት ክፍተት አለ። በመካከሉ የነበረው አለት ተሸርሽሮ ሄዷል።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በአባይ ሸለቆ የሚታየው የኖራ ድንጋይ ደለላዊ ነው፤ አካባቢው አንድ ዘመን ባሕር እንደነበር ይመሰክራል። የኖራ ድንጋይ በሙቀትና በግፊት ሲለወጥ እብነ በረድ ይሆናል፤ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚቆፈረው እብነ በረድ ልውጥ አለት ነው። ሁለቱም በዋናነት ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆኑ አሲድ ሲነካቸው አረፋ ያወጣሉ። ስለዚህ አረፋው ብቻ አይለያቸውም፤ እብነ በረዱን የሚያሳውቁት እርስ በርስ የተቆላለፉት ክሪስታሎቹ ናቸው።

አቡነ የማታ ጉሕን የመሳሰሉ የትግራይ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉት ከአሸዋ ድንጋይ ነው፤ ደለላዊ ማለት ነው። ላሊበላስ? ከሁለቱም አይደለም፤ እሳተ ገሞራ የወለደው አለት ነው።

ስለዚህ መስመር ያለው ድንጋይ ስታዩ ቶሎ አትፍረዱ። ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ፦ የተጣበቁ የአሸዋና የጠጠር ቅንጣቶች ካሉት ደለላዊ ነው፤ የተቆላለፉ፣ በአንድ አቅጣጫ የተሰለፉ ክሪስታሎች ካሉት ልውጥ ነው።