ጥይቱን የሚመርጠው ጠመንጃው ነው

ሊጎቹ በተዘጉበት ክረምት የኳስ አፍቃሪ መድረሻ ያጣል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ግን የፓሪስ ኦሊምፒክ ነበርና ለቡ ሙዚቃ ቤት አካባቢ ኳስ የሚታይባቸው ቤቶች ስክሪናቸው ሥራ አልፈታም። በዚያ ሰሞን ብዙ ካነጋገሩት አንዱ የ51 ዓመቱ ቱርካዊ ተኳሽ ዩሱፍ ዲኬች ነው። ሌሎቹ ልዩ መነጽር ደቅነው ሲቆሙ እሱ ተራ መነጽሩን እንዳደረገ፣ ግራ እጁን ኪሱ ከትቶ ተኮሰ። ሐምሌ 23 ቀን ከአጋሩ ሸቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ የድብልቅ ጥንድ ውድድር ብር ወሰደ። ፎቶው በየሞባይሉ ዞረ።

ከዚያማ ክርክሩ ደራ። "ይሄ ምን ዕቃ ይፈልጋል? ዓይንና እጅ ብቻ ነው!" የሚለው በዛ። አያቱ ጠመንጃ የነበረው ሁሉ አያቱን ለኦሊምፒክ መረጠ።

ነገሩ ግን እንደዚያ ቀላል አይደለም። ዲኬችም ቢሆን ኪሱ የከተተው እጁን እንጂ ዝግጅቱን አይደለም። በአየር መሣሪያ የሚተኮሰው 4.5 ሚሊ ሜትር እርሳስ እንኳ 4.49፣ 4.50፣ 4.51 እየተባለ በመቶኛ ሚሊ ሜትር ተለይቶ ነው የሚሸጠው። ተወዳዳሪው የእሱ መሣሪያ የቱን እንደሚወድ ሞክሮ ይገዛል።

ከመሀል ሜዳ ሽንብራ መምታት

በጠመንጃ ሲሆን ጉዳዩ ይብሳል። የኦሊምፒኩ ርቀት 50 ሜትር ነው። በኳስ ቋንቋ ከመሀል ሜዳው መስመር እስከ ጎል እንደማለት ነው። የኢላማው 10 ቁጥር ክብ ስፋት ደግሞ 10.4 ሚሊ ሜትር ብቻ፤ ከአንድ ሽንብራ ብዙም አይበልጥም። መሀል ሜዳ ሆነህ የጎሉ አግዳሚ ላይ የተቀመጠች ሽንብራ ምታ ማለት ነው። ያውም ደጋግመህ፤ ተንበርክከህ፣ ተኝተህና ቆመህ።

ጠመንጃና ጥይት መግጠም እንዳለባቸው ለኢትዮጵያዊ አዲስ ወሬ አይደለም። በ1888 ዓ.ም. አድዋ የዘመተው ጦር የያዘው መሣሪያ ብዙ ዓይነት ነበር። ውጅግራ የሚባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ጥይቱ 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለቀጭኑ ምንሽር አይሆንም። የራሱ ጥይት ያለቀበት ጠመንጃ ዱላ ነው። የዛሬው ኦሊምፒክ ተኳሽ ጭንቀትም ከዚሁ ዘር ነው፤ ልኩ ግን ለዓይን አይታይም።

ጠባቡ ማረፊያ

በበርሜሉ መነሻ ላይ ጥይቱ ገብቶ የሚያርፍበት ክፍል አለ። የአደን ጠመንጃ ይህ ክፍል ሰፋ ይላል፤ የየትኛውም ፋብሪካ ጥይት፣ ትንሽ ቆሻሻ ቢነካውም እንኳ፣ እንዲገባ ነው። የውድድር ጠመንጃ ግን ይጠብባል። አረሩ ሳይዘም ቀጥ ብሎ እንዲተኛ፣ ጫፉም በርሜሉ ውስጥ ያለውን ጠመዝማዛ መስመር ከመነሻው እንዲነካ ይፈለጋል። ተጣሞ የጀመረ አረር ተጣሞ ነው የሚሄደው።

ከመጠን በላይ ከጠበበስ? ያኔ ደግሞ የአንዱ ፋብሪካ ጥይት ገብቶ የሌላው አልገባም ይላል፤ ከተተኮሰ በኋላም ቀለሁ አልወጣ ብሎ ያስቸግራል። ስለዚህ ብልህ ተኳሽ መጀመሪያ የሚተኩሰውን ጥይት ይወስናል፤ ባለሙያው ማረፊያውን በዚያ ልክ ይቀርጽለታል።

በ50 ሜትር የሚተኮሰው 5.6 ሚሊ ሜትር ጥይት ፋብሪካ የሠራውን እንዳለ መጠቀም ነው፤ ፈትቶ ማስተካከል የለም። በ300 ሜትር ውድድር ግን ተኳሹ ቀለሁን፣ ባሩዱንና አረሩን ለየብቻ መምረጥ ይችላል። የ50 ሜትሩ ተኳሽ ያለው ምርጫ መፈተሽ ብቻ ነው። የእንግሊዙ ኢሌይ፣ የፊንላንዱ ላፑዋና የጀርመኑ አር ደብሊው ኤስ በዚህ ስማቸው የገነነ ነው። አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ስም፣ አንድ ዋጋ ሆኖ ሳለ በተለያየ ጊዜ የተመረተው ጥይት በአንድ በርሜል ላይ እኩል አይመታም። ተኳሾች ጠመንጃቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ በርሜሉ ታስሮ በየምርቱ ይተኮሳል፤ ቀዳዳዎቹ የተቀራረቡበት ይመረጥና ከዚያው ምርት በብዛት ይገዛል። ጓደኛህን ያስወደሰ ጥይት አንተን ሊያዋርድህ ይችላል። ውድ ታኬታ ሁሉ ለሁሉም እግር እንደማይሆነው መሆኑ ነው።

ፍጥነቱም ይታሰባል። ፈጣን ጥይት ይሻላል የሚል ካለ ተሳስቷል። የውድድሩ ጥይት ከድምፅ ፍጥነት፣ ማለትም ከ340 ሜትር በሰከንድ፣ በታች ሆኖ ነው የሚሠራው። ከዚያ በላይ ወጥቶ መንገድ ላይ ሲወርድ አረሩ ይናወጣልና።

የኤመንስ ጉድ

ይህን ሁሉ ያሟላ ሰው ያሸንፋል? አሜሪካዊው ማቲው ኤመንስ ይመስክር። በ1996 ዓ.ም. ከአቴንስ ኦሊምፒክ በፊት ጠመንጃውን ቢያነሳ አልመታ አለው። ሲታይ አንድ ሰው በርሜሉን ሆን ብሎ አበላሽቶታል። ለተኳሽ ከዚህ የከፋ ምን አለ? የቀድሞ የዩኒቨርሲቲ ቡድን አጋሩ አምበር ዳርላንድ ጠመንጃዋን አዋሰችው። በተዋሰው ጠመንጃ ነሐሴ 14 ቀን ተኝቶ በመተኮስ ወርቁን ወሰደ።

ከሁለት ቀን በኋላ በሦስቱም አቋቋም በሚተኮሰው ፍጻሜ 3 ነጥብ እየመራ አንድ ጥይት ብቻ ቀረው። 7.2 ቢመታ ይበቃዋል። አነጣጠረ፣ ተኮሰ፤ በኢላማው ላይ ግን ምንም አልታየም። ለካስ የመታው የጎረቤቱን የኦስትሪያዊውን ክሪስቲያን ፕላነርን ኢላማ ኖሯል! ዜሮ ተሰጠው፤ ከአንደኛ ወደ ስምንተኛ ወረደ። ወርቁ ለቻይናዊው ጂያ ዣንቦ ሆነ። በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይም ወርቁን ይዞ የመጨረሻዋን 4.4 መታና አራተኛ ወጣ። በለንደን ነሐስ አገኘ።

በኢትዮጵያ መሣሪያ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት በፈቃድ ብቻ ስለሚያዝ ለለቡ ልጅ ይህ ስፖርት በአብዛኛው የስክሪን ጨዋታ ነው። ቢሆንም በሚቀጥለው ኦሊምፒክ "ዓይንና እጅ ብቻ ነው" የሚል ሲመጣ ስለ ጥይቱ ይነገረው። "ዕቃ ነው ሁሉም" የሚል ከመጣ ደግሞ ኤመንስ ይነገረው። የአቴንሷ የመጨረሻ ጥይት በሰው ኢላማ ላይ 8.1 ነበር የመታችው። ወርቁን ለማምጣት ከሚያስፈልገው በላይ ነው። ጥይቷ ጥፋት የለባትም።