በፀሐይ ግዛት ዳርቻ የሚዞሩ ታናናሽ የበረዶ ዓለሞች

የፀሐይ ብርሃን ወደ ምድራችን ለመድረስ ስምንት ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ይኸው ብርሃን ከአራት ሰዓት በላይ ተጉዞ የሚደርስባቸው ዓለሞች ግን አሉ። ከኔፕቱን ወዲያ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ከሁለት መቶ ዲግሪ በሚበልጥበት ሥፍራ፣ ከበረዶና ከድንጋይ የተሠሩ እጅግ ብዙ ታናናሽ አካላት ፀሐይን ይዞራሉ። ሊቃውንት ሥፍራውን በአንድ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ስም «የካይፐር መቀነት» ይሉታል። የነዚህ ዓለሞች አገኛኘት ለተማሪም ሆነ ለሥራ ጀማሪ የሚጠቅም ቁም ነገር ስላለው፣ ዛሬ ጥቂት ልንገልጽ ወደድን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ በካንሳስ የገበሬ ልጅ የነበረው ክላይድ ቶምባው፣ የወላጆቹን አዝመራ በረዶ ስለመታው ኮሌጅ የመግባት አሳቡ ሳይሆንለት ቀረ። ሆኖም ከአሮጌ መኪናና ከእርሻ መሣሪያ በተገኙ ቍርጥራጮች ቴሌስኮፕ ሠርቶ ሰማይን ይመረምር ነበር። ያየውን የማርስንና የጁፒተርን መልክ ሥሎ በአሪዞና ወዳለው ወደ ሎዌል የከዋክብት መመልከቻ ቢልክ፣ በ1929 ዓ.ም. ሥራ አገኘ።

ሥራው አድካሚ ነበር። አንዱን የሰማይ ክፍል በተለያዩ ሌሊቶች ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ሁለቱን ሥዕሎች እያፈራረቀ ይመለከታል። ከዋክብት ቦታቸውን አይለቁም፤ ቦታውን የለወጠ ነጥብ ቢገኝ ግን የፀሐይ ቤተ ሰብ መሆኑ ይታወቃል። በአንዱ ሥዕል ላይ ብቻ ብዙ ሺህ ከዋክብት ነበሩ። በፌብሩዋሪ 18 ቀን 1930 ዓ.ም. ከነዚያ ሁሉ መካከል አንዲት ደብዛዛ ነጥብ ተንቀሳቅሳ አገኛት። ይህች ፕሉቶ ናት፤ አግኝዋም የ24 ዓመት ወጣት ነበር። ስሙንም ያወጣችለት የ11 ዓመት የእንግሊዝ ልጃገረድ ናት።

ከዚያ ወዲህ ስድሳ ዓመት ያህል ፕሉቶ በዚያ ጨለማ ከጨረቃው በቀር ጎረቤት የሌለው መሰለ። በ1987 ዓ.ም. ዴቪድ ጂዊትና ተማሪው ጄን ሉ «ያ ሥፍራ በእውነት ባዶ ነውን?» ብለው ፍለጋ ጀመሩ። ጄን ሉ በቬትናም ተወልዳ በ1975 ዓ.ም. በስደት ወደ አሜሪካ የገባች ናት። አምስት ዓመት ፈልገው፣ በ1992 ዓ.ም. በሃዋይ ከማውና ኬያ ተራራ ላይ ሆነው የመጀመሪያውን ጎረቤት አገኙ። ዛሬ የታወቁት ከሁለት ሺህ ይበልጣሉ።

ችግሩም ከዚህ ተወለደ። በ2005 ዓ.ም. መገኘቱ የተገለጸው ኤሪስ በስፋቱ ከፕሉቶ በጥቂቱ ቢያንስም በክብደቱ ይበልጠዋል። እንግዲህ ፕሉቶ ፕላኔት ከተባለ ኤሪስን መከልከል በምን ፍርድ ነው? ዓለም አቀፍ የሥነ ፈለክ ማኅበር በ2006 ዓ.ም. በፕራግ ተሰብስቦ፣ ፕላኔት የሚባለው ፀሐይን የሚዞር፣ ክብ የሆነና የሚሄድበትን መንገድ ከሌሎች አካላት ያጸዳ ነው ሲል ወሰነ። ፕሉቶ ሦስተኛውን ስለማያሟላ «ድንክ ፕላኔት» ተባለ። ብዙዎች አዘኑ፤ ዛሬም ውሳኔውን የሚቃወሙ ሊቃውንት አሉ። እኛ ግን የምናደንቀው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም አዲስ ማስረጃ በመጣ ጊዜ፣ በየትምህርት ቤቱ ሲነገር የኖረውን ቃል እንደገና ለመመርመር አለመፈራቱ ነው።

ደግሞም ስሙ ቢለወጥ ፕሉቶ አልተዋረደም። በ2006 ዓ.ም. የተላከችው «ኒው ሆራይዘንስ» የተባለች መንኰራኵር ዘጠኝ ዓመት ተኩል ተጕዛ በጁላይ 14 ቀን 2015 ዓ.ም. በአጠገቡ ስታልፍ፣ የውሃ በረዶ ተራሮችና የቀዘቀዘ ናይትሮጅን የተኛበት ሰፊ ሜዳ ታዩ። በሜዳው ላይ የድንጋይ ውርጅብኝ ጠባሳ አለመገኘቱ፣ ገጹ ዛሬም እየታደሰ መሆኑን አስረዳ። በመንኰራኵሯ ውስጥ በ1997 ዓ.ም. የሞተው የቶምባው አመድ ጥቂቱ ተቀምጦ ነበር።

በ2019 ዓ.ም. መባቻ ደግሞ መንኰራኵሯ ርዝመቱ 36 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነው በአሮኮት አጠገብ አለፈች። አሮኮት ሁለት አካላት የተጣበቁበት ነው። በመጋጠሚያቸው የመሰባበር ምልክት ስላልተገኘ፣ የተገናኙት በኀይል ተጋጭተው ሳይሆን ሰው በእግሩ በሚሄድበት ዓይነት ፍጥነት ቀስ ብለው እንደሆነ ታወቀ።

የነዚህ ታናናሾች ዋጋ እዚህ ላይ ነው። ምድራችን ከተሠራችበት ጊዜ ጀምሮ በእሳትና በውሃ ስለተለዋወጠች የልደቷ ጽሕፈት ተፍቆባታል። እነሱ ግን በብርዱ ውስጥ አራት ቢሊዮን ተኩል ዓመት፣ በመዝገብ ቤት እንደ ተጠበቀ ጥንታዊ ሰነድ ሳይነኩ ቈይተዋል። ሰነዱን ከፍተው ማንበብ የጀመሩት የገበሬው ልጅና ስደተኛዋ ተማሪ፣ የተሰጣቸውን አሰልቺ ሥራ ሳያቃልሉ እስከ መጨረሻው ያዩ ሰዎች ነበሩ። በጠረጴዛው ላይ የተቈለለውን መዝገብ የሚያገላብጥ ወጣትም ይህን ቢያስብ አይጐዳውም።