ሄንሪ አሮን ስተርን

ሄንሪ አሮን ስተርን (እ.ኤ.አ. 1820–1885) በጀርመን ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ፣ መጽሐፍ ቅዱስ እያከፋፈለ ብዙ አገር የዞረ ሚስዮናዊና ጸሐፊ ነበረ። በኢትዮጵያ ታሪክ ይበልጥ የሚታወቀው ግን በዓጼ ቴዎድሮስ እስረኝነቱ ነው። ከተከሰሰባቸው ነገሮች ዋናው ራሱ የጻፈው መጽሐፍ ነበር።

የመጀመሪያ ዘመን

ስተርን በወጣትነቱ ለንደን ሄዶ ክርስትና ተነሣ። ከዚያም አይሁድን ወደ ክርስትና ለማምጣት በተቋቋመ የእንግሊዝ ማኅበር ውስጥ ገብቶ በባግዳድ፣ በፋርስ፣ በቁስጥንጥንያና በየመን አገለገለ።

በኢትዮጵያ

እ.ኤ.አ. በ1860 ቤተ እስራኤልን ለማስተማር መጣ። ዓጼ ቴዎድሮስና አቡነ ሰላማ የፈቀዱለት፣ የሚያምኑት ሰዎች በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቁ ነው። ቤተ እስራኤል ኦሪትን የሚያነቡት በግዕዝ እንጂ በዕብራይስጥ አልነበረም። ስለዚህ ስተርን የሚያድለው አቡ ሩሚ የተባለው ኢትዮጵያዊ መነኩሴ በካይሮ የተረጎመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። የሚስዮናውያኑ ሥራ የአውሮፓን አይሁድ ስላሳሰበ፣ እ.ኤ.አ. በ1867 ጆሴፍ ሃሌቪ ቤተ እስራኤልን እንዲጎበኝ ተላከ።

እስራት

ስተርን እ.ኤ.አ. በ1862 ስለ ጉዞው ባሳተመው መጽሐፍ የንጉሡ እናት በድህነት ምክንያት ኮሶ ይሸጡ እንደነበር ጻፈ። ይህ የቴዎድሮስ ጠላቶች ንጉሡን የሚሰድቡበት ነገር ነበር። በጥቅምት 1863 እ.ኤ.አ. ንጉሡን ሊሰናበት ሲቀርብ ሁለት አገልጋዮቹ ተደብድበው ሞቱ። እርሱም ይህን ሲያይ ጣቱን ስለ ነከሰ፣ እንደ ዛቻ ተቆጥሮበት ተገረፈና ታሰረ። ቀጥሎም ወረቀቶቹ ተፈትሸው መጽሐፉ ማስረጃ ሆኖ ቀረበበት። ንጉሡ ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ ማጣቱም ቁጣውን አባብሶት ነበር።

በደብረ ታቦርና በመቅደላ

እ.ኤ.አ. በ1866 መጀመሪያ ለጥቂት ጊዜ ተፈትቶ እንደገና ተያዘ። በዚያው ዓመት እስረኞቹ ወደ ጋፋትና ደብረ ታቦር ተወሰዱ። ጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ለንጉሡ መድፍ የሚሠሩበት መንደር ነበር። ከዚያ ወደ መቅደላ ተልከው እስከ ሚያዝያ 1868 እ.ኤ.አ. ቆዩ። የተፈቱት የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሊይዝ ሲቃረብ ነው።

ስተርን በዚያው ዓመት የእስራቱን ታሪክ በእንግሊዝኛ አሳተመ። ሁለቱ መጻሕፍቱ ስለ ቤተ እስራኤልና ስለ ቴዎድሮስ ዘመን በዓይን ምስክርነታቸው ይጠቅማሉ። ሆኖም የመጀመሪያው በሚስዮናዊ፣ ሁለተኛው በእስረኛ ዓይን የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ማስተዋል አለበት።