ያውቁ ኖሯል? የዛፍ ላይ እንጀራ ከመሬት ይጀምራል

ለንደን የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ሳያዩዋቸው አልቀሩም። ሄልሜት ደፍተው፣ ወገባቸውን በገመድ አስረው፣ ከአስፋልቱ በላይ ተንጠልጥለው ቅርንጫፍ የሚቆርጡ ወጣቶች አሉ። ለመሆኑ ጀማሪው ስንት ይከፈለዋል? እዚያ ከፍታ ላይ ለመድረስስ ምን ያልፋል? የዛሬው ዓምዳችን በአብዛኛው ስለ ብሪታንያ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ዛፍ ሊወጣ የተቀጠረ ጀማሪ የመጀመሪያ ወራቱን የሚያሳልፈው ዛፉ ሥር ነው። የወደቀውን ቅርንጫፍ ይጎትታል፣ ለመፍጫው ማሽን ያጎርሳል፣ ገመድ ይይዛል፣ መንገደኛ ከሥር እንዳያልፍ ይጠብቃል። የሙያው ሰዎች «ግራውንዲ» ይሉታል። ይህን ጊዜ እንደ ቅጣት የሚቆጥር ጀማሪ ይጎዳል። ገመድ እንዴት እንደሚጠላለፍ፣ ግንድ ሲወድቅ ወዴት እንደሚንከባለል የሚማረው እዚያው ቆሞ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ለአንድ ዓመት በሥራ ላይ በዋለው ተመን፣ ለመጀመሪያ ዓመት ተለማማጅ በሕግ የተቀመጠው የክፍያ ወለል በሰዓት 7.55 ፓውንድ ነበር። 21 ዓመት ለሞላው ሌላ ሠራተኛ ግን ወለሉ 12.21 ፓውንድ ነበር። በሳምንት 40 ሰዓት ቢሠሩ አንዱ 302 ፓውንድ፣ ሌላው ከ488 ፓውንድ በላይ ያገኙ ነበር ማለት ነው። ወለሉ በየዓመቱ ኤፕሪል ላይ ስለሚከለስ ጀማሪው የዘመኑን ቁጥር ማየት አለበት።

አሁን የምንነግርዎትን ግን እባክዎ ለሚያውቁት ወጣት ሁሉ ያድርሱለት። ያ ዝቅተኛ የተለማማጅ ክፍያ የሚሠራው ዕድሜው ከ19 በታች ለሆነ፣ ወይም 19 ሞልቶት ገና በልምምዱ የመጀመሪያ ዓመት ላይ ላለ ብቻ ነው። 22 ዓመት የሆነው ተለማማጅ አንድ ዓመቱን በጨረሰ ማግስት የዕድሜውን ሙሉ ወለል የማግኘት መብት አለው። በ2025ቱ ተመን ይህ በሰዓት 4.66 ፓውንድ፣ በሳምንት ከ186 ፓውንድ በላይ ጭማሪ ነው። ቀኑን ቀን መቁጠሪያው ላይ ምልክት አድርጎ መጠበቅ ይገባዋል። ኮሌጅ የሚውልበት የሥልጠና ቀንም የሥራ ቀን ነው፤ ይከፈልበታል።

ያውቁ ኖሯል? በዚህ ሙያ ደመወዝ ከሚያሳድጉት ነገሮች ዋናው «ቲኬት» ነው። የአውቶቡስ አይደለም፤ የብቃት ምስክር ወረቀቱን እንዲህ ነው የሚጠሩት። መጀመሪያ ሞተር መጋዝን መሬት ላይ መጠቀምና መንከባከብ፣ ቀጥሎ ትንንሽ ዛፍ መጣል ይመጣል። ከዚያ ዛፍ መውጣትና ከዛፍ ላይ ሰው ማዳን፣ በመጨረሻም ገመድ ላይ ሆኖ በሞተር መጋዝ መቁረጥ ይከተላል። የኋለኞቹ ሁለቱ በድሮ ስማቸው ሲኤስ 38 እና ሲኤስ 39 እየተባሉ እስካሁን ይጠራሉ። ሲኤስ 39 የሌለው ጀማሪ ዛፍ ላይ የሚይዘው የእጅ መጋዝ ነው።

ከሁሉም ተለይቶ የሚከበረው የማዳኑ ነው። አንድ ሰው ራሱን ስቶ በማሰሪያው ላይ ተንጠልጥሎ ከቆየ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ለሞት አደጋ ሊጋለጥ ይችላል፤ የእሳት አደጋ መኪና እስኪደርስ መጠበቅ አይቻልም። በ2005 የወጣው የከፍታ ላይ ሥራ ደንብም የማዳን ዕቅድ ከሥራው በፊት እንዲዘጋጅ ያዛል። ስለዚህ አንድ ሰው ሲወጣ፣ ወጥቶ ሊያወርደው የሚችል ሌላ ሰው መሣሪያውን አዘጋጅቶ እዚያው መኖር አለበት። ትናንት ቅርንጫፍ ይጎትት የነበረው ልጅ ይህን ቲኬት በያዘ ቀን ቡድኑ ያለ እሱ ዛፍ የማይወጣበት ሰው ሊሆን ይችላል። ደመወዝ ይጨመርልኝ ብሎ ለመጠየቅ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አናውቅም።

ያውቁ ኖሯል? ሄልሜት፣ ከመጋዝ የሚከላከል ሱሪና ጫማ የአሠሪው ዕዳ ናቸው፤ ከተቀጣሪ ደመወዝ ሊቆረጥባቸው አይችልም። ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ ይህ መብት መደበኛ ቅጥር ለሌላቸው በርካታ ሠራተኞችም ደርሷል። የሥልጠና ወጪስ? አሠሪው ግዴታ ያደረገውን ሥልጠና ከደመወዝ ቢቀንስ እንኳ፣ የቀረው ገንዘብ ከሕጋዊው ወለል በታች መውረድ የለበትም። አንዳንድ ውሎች ግን ቶሎ ከለቀቅህ የሥልጠናውን ትመልሳለህ ይላሉ። ሳይነበብ አይፈረም።

ያውቁ ኖሯል? ሰው የሚሸከም ገመድና ማሰሪያ በየ6 ወሩ በባለሙያ መመርመር አለበት። በ2020 የታተመው የሙያው የአሠራር መመሪያ ደግሞ ዛፍ የሚወጣው ሰው በሁለት ገመድ፣ በሁለት የተለያዩ መንጠልጠያዎች እንዲታሰር ይጠይቃል። በግሉ የሚሠራ ሰው ይህን ሁሉ ከኪሱ ይሸፍናል። የቀን ሒሳቡ ከተቀጣሪው በልጦ ቢታይም ገመድ፣ መድን፣ ዝናብ የበላው ቀንና ሕመም ሁሉ ከዚያ ይወጣሉ። ተቀጣሪው በዓመት ቢያንስ 5.6 ሳምንት የሚከፈልበት ዕረፍት አለው፤ በግሉ የሚሠራው የለውም። ገና ሙያውን ያልጨበጠ ልጅ «በግልህ ተመዝገብ» ሲባል ቢጠራጠር መልካም ነው። ሕጉ የሚመለከተው የሥራውን ትክክለኛ ሁኔታ እንጂ ውሉ ላይ የተጻፈውን ስም አይደለም።

ያውቁ ኖሯል? መንጃ ፈቃድም እንደ ቲኬት ይቆጠራል። ከዲሴምበር 2021 ወዲህ ተራ የመኪና መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ያለ ተጨማሪ ፈተና እስከ 3,500 ኪሎ የሚመዝን ተጎታች መሳብ ይችላል። መፍጫ ማሽኑን ወደ ሥራው ቦታ የሚያደርስ ጀማሪ ደግሞ ተፈላጊ ነው።

ያውቁ ኖሯል? በአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ የዛፍ ቆራጮች ክፍያ ጉዳይ እስከ ሕግ አውጪዎቹ ደርሷል። ከ2017 እና ከ2018ቱ ከባድ የሰደድ እሳቶች በኋላ፣ በ2019 አንድ ሕግ ጸደቀ። በኤሌክትሪክ መስመር ዙሪያ ዛፍ የሚቆርጥ ብቁ ሠራተኛ፣ ገና ልምምድ ከጀመረ የመስመር ሠራተኛ ያነሰ እንዳይከፈለው ደነገገ። ዛፍ ቆራጭነት ከኤሌክትሪክ ሥራ እኩል አደገኛ መሆኑ በገንዘብ ሲታወቅ ማየት ደስ ያሰኛል።

ያውቁ ኖሯል? በእንግሊዝ ሶመርሴት የተወለደው ጆን ዴቪ በ1880 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ኬንት ከተማ የጀመረው የዛፍ እንክብካቤ ድርጅት በ1979 በሠራተኞቹ ተገዝቷል። ቅርንጫፍ እየጎተተ የጀመረ ሰው እዚያ ባለድርሻ ሊሆን ይችላል።

ዕድሜ ሲገፋ ትከሻና ጉልበት ገመዱን ይጠላሉ። ያን ጊዜ መንገዱ የቡድን መሪነት፣ የዛፍ ጤና መርማሪነት፣ የማዘጋጃ ቤት የዛፍ ኃላፊነት ወይም አማካሪነት ነው። እዚያ የሚያደርሰው ዕውቀት ነው፤ የዛፍ በሽታ፣ ሕግ፣ የወፍ ጎጆና የሌሊት ወፍ ማደሪያ ለይቶ ማወቅ። በ2012 በብሪታንያ የተረጋገጠው የአሽ ዛፍ በሽታ ግንዱን ተሰባሪ ስለሚያደርገው፣ የትኛው ዛፍ መወጣት እንደሌለበት የሚያውቅ ዓይን ዛሬ በጣም ይፈለጋል።

ያውቁ ኖሯል? ዓለም አቀፍ የዛፍ መውጣት ውድድር የተጀመረው በ1976 በሴንት ሉዊስ ከተማ ነው። ከውድድሩ ዘርፎች አንዱ የተጎዳ ሠራተኛን የሚወክል አሻንጉሊት ከዛፍ ላይ ማውረድ ሲሆን፣ ዳኞቹ ተወዳዳሪው «በሽተኛውን» እንዴት አድርጎ እንደያዘውም ነጥብ ይሰጡበታል።