ውሃን የሚያስገቡት ጨውና ስኳር

በአዲሱ ገበያም ሆነ በሌላ ሰፈር ልጁን ተቅማጥ የያዘበት ወላጅ መድኃኒት ቤት ሲገባ ብዙ ጊዜ ይዞ የሚወጣው በትንሽ ከረጢት የታሸገ ነጭ ዱቄት ነው። የጤና ባለሙያዎች «ሕይወት አድን ንጥረ ነገር» ወይም ኦ አር ኤስ ይሉታል። አብዛኛው ስኳርና ጨው መሆኑን የሰማ ሰው መጠራጠሩ አይቀርም። ከልጁ የሚወጣው ውሃ ከሆነ ውሃ ማጠጣቱ አይበቃም?

አይበቃም። ምክንያቱ የአንጀት ህዋሳት ሽፋን ነው።

ሽፋኑ በዋናነት ከቅባት የተሠራ ነው፤ አንድ ሚሊሜትር ለ100 ሺህ ቢከፈል አንዱ እጅ ያህል ነው ውፍረቱ። ኦክስጅንን የመሰሉ ጋዞች ከበዙበት ወደ አነሱበት እንደ ልባቸው ያልፉታል። ጨውና ስኳርን ግን ቅባቱ አያሳልፍም፤ የሚገቡት በሽፋኑ ላይ በተተከሉ ፕሮቲኖች በኩል ብቻ ነው። ውሃም የራሱ ቀዳዳዎች አሉት፤ እነሱን ያገኘው ፒተር አግሬ እ.ኤ.አ. በ2003 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ይሁንና ውሃ የሚሄደው ጨው ወይም ስኳር ወደ በዛበት ወገን ነው። ጨው የተነሰነሰበት ሰላጣ ትንሽ ሲቆይ ሳህኑ ላይ ውሃ የሚያቁረው ለዚህ ነው።

የኮሌራ ባክቴሪያ ይህንኑ ሕግ ይጠቀምበታል። መርዙ የአንጀት ህዋሳትን የክሎራይድ በሮች ክፍት አድርጎ ያስቀራቸዋል። የጨው አንዱ ክፍል የሆነው ክሎራይድ ወደ አንጀት ይፈሳል፣ ሌላው ክፍሉ ሶዲየም ይከተለዋል፣ ውሃ ደግሞ ሁለቱን። ክፉኛ የታመመ ሰው በሰዓት እስከ 1 ሊትር ሊያጣ ይችላል። በሰኔ 2008 ዓ.ም. አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) አዲስ አበባ ሲገባ ከተማው የተረበሸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

መርዙ የማይነካው አንድ በር ግን አለ። ይህ ፕሮቲን 2 ሶዲየም ከ1 ግሉኮስ (የስኳር ዓይነት) ጋር አጣምሮ ያስገባል፤ አንዱ ሲቀር ሌላውም ይቀራል። የገባውን ሶዲየም ሌላ ፕሮቲን ጉልበት እያወጣ ከህዋሱ በስተጀርባ ወደ ደም በኩል ይገፋዋል፤ ውሃም ተከትሎ ይገባል። በዱቄቱ ውስጥ ያለው ስኳር እንግዲህ ለማጣፈጫ አይደለም፤ ለጨው በር መክፈቻ ነው።

ይህን የሶዲየምና የግሉኮስ ጥምረት ተመራማሪው ሮበርት ክሬን እ.ኤ.አ. በ1960 ፕራግ ላይ አስረዳ። ከ11 ዓመት በኋላ በባንግላዴሽ ጦርነት ወቅት ሕንዳዊው ሐኪም ዲሊፕ ማሃላናቢስ በስደተኞች ካምፕ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ሲያልቅበት ጨውና ስኳር በውሃ በጥብጦ አጠጣ። ከ100 ሕሙማን እስከ 30 ይገድል የነበረው ኮሌራ በእርሱ ካምፕ የገደለው ከ4 በታች ነበር። እንዲህ ርካሽ ሆኖ ይህን ያህል ነፍስ ያዳነ ግኝት ጥቂት ነው።

ዛሬ በአንድ ሊትር የሚበጠበጠው ከረጢት 13.5 ግራም ግሉኮስና 2.6 ግራም ጨው ይይዛል፤ ከፖታሲየምና ከሲትሬት ጋር። «ይበርታለት» ብሎ በግማሽ ሊትር መበጥበጥ ግን ጉዳት ነው፤ የወፈረው ፈሳሽ ውሃውን ከህዋሳቱ መልሶ ወደ አንጀት ይስበዋል። ለስላሳ መጠጥም በስኳሩ ብዛት ተቅማጡን ያባብሳል። አንዱን ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ፤ 24 ሰዓት ያለፈውን ድፉት። ልጁ መጠጣት ካቃተው ወይም ከፈዘዘ ደግሞ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።